የስድስት ሳምንት መስመር

«አስተማሪዋ እህቴ በሒሳብ አረጋግጣዋለች፤ ገና ስድስት ሳምንት አለው» ሲል ሰማሁት ታላቅ ወንድሜን። ጠዋት ነው፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያጠለቅኩ ነበር። የእኔን ክፍልና የመንገድ ዳሩን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ጆሮዬን መጣል እንኳ አላስፈለገኝም። ቤት ልትከራይ የመጣችው ሴት ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ብዙ ክፍል አይታ፣ ብዙ ደረጃ ወጥታ የወረደች ሰው ድምፅ። ወንድሜ ስንጥቁን አልደበቃትም። እንዲያውም ወደ ማዕዘኑ ጠርቶ አሳያት፤ ከስንጥቁ አጠገብ የለጠፍኩትን ባለ ካሬ ወረቀት ደግሞ በጣቱ እየተከተለ አስረዳት። ሰፈሩ ለእንዲህ ያለ ክፍል ሰባት ሺህ እንደሚጠይቅ፣ እሱ ግን በስንጥቁ ምክንያት በአራት ሺህ እንደሚሰጣት፣ በአራተኛው ሳምንት ግንበኛ መጥቶ ግድግዳውን እንደሚደግፈው፣ ለድጋፉም የእሷ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ እንደሚበቃ አንድ በአንድ ነገራት። ሴትዮዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህትዎ የት ነው የሚያስተምሩት አለችው። የትምህርት ቤቱን ስም ነገራት። ከዚያ የሰማሁት ቁልፍ ሲቀባበሉ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ አይደለም። ደስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ስበላ ኖሬ፣ ሒሳቤ ከክፍል ወጥቶ ለሰው ቤት ያስገኘው የዚያን ቀን ነው። ቁጣው የመጣው በኋላ፣ ሁለተኛውን ጫማዬን ሳስር ነው። እኔ ያንን ወረቀት የሰቀልኩት ወንድሜ ቶሎ እንዲያሠራው ለማስፈራራት ነበር፤ እሱ ደግሞ የኪራይ ማስታወቂያ አደረገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎናችን የነበረው አሮጌ ቤት ፈርሶ ለረጅም ፎቅ መሠረት ይቆፈራል። ጉድጓዱ የቤታችንን ቁመት ሦስት ጊዜ ይውጣል፤ ማሽኑ ሲሠራ ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። በዚያ ወገን ያለው የውጭ ግድግዳችን ከማዕዘኑ ላይ ለቀቀና ወደ ጉድጓዱ ማዘንበል ጀመረ። የመንገድ ዳሩን ክፍል ጣሪያ የተሸከመው ትልቁ አግዳሚ እንጨት አንድ ጫፉ ያረፈው በዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። እኔ ለፈተና እርማት ሌላ ከተማ ስድስት ሳምንት ተቀምጬ በነበረበት ጊዜ ወንድሜ አንድ ግንበኛ ጠርቶ አሳየው። ግንበኛው ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር መታ፤ በመካከላቸው ልክ አሥር ሳንቲም። ርቀቱ አሥራ ሦስት ሲሆን አግዳሚው መቀመጫውን ይለቃል፣ ያኔ ከሥሩ ሰው እንዳይገኝ ብሎ ሄደ። ስመለስ ወንድሜ ሚስማሮቹን አሳየኝ። ማስመሪያዬን አምጥቼ ለካሁ፤ አንድ ፀጉር ሳያልፍ ሳያንስ አሥር ሳንቲም ነው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር እለካለሁ። በየሳምንቱ ሁለት ሚሊ ሜትር፤ አንዴ ሳይበዛ፣ አንዴ ሳይቀንስ። መነሻ ነጥብ አለኝ፣ አካሄዱም ታወቀ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? በቀይ እስክሪብቶ መስመሩን እስከ አሥራ ሦስት አሰመርኩት።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ዘጠነኛው ማክሰኞ ነበር። ክፍሉ ባዶ ነው፤ አዲሱ ልስን የኖራ ሽታው አልለቀቀውም፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ የሲሚንቶውን ብናኝ ያሳያል። ማስመሪያውን በሁለቱ ሚስማሮች ላይ አጋደምኩ። አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት። ወረቀቱ ላይ ነጠብኩት፤ ነጥቧ ቀዩ መስመር ላይ ቁጭ አለች። ግድግዳ ለእኔ ታዛዥ የሆነ መሰለኝ። እንዲያ ኩራት ሞልቶኝ፣ ስለ ሴትዮዋ ለወንድሜ አንድ ቃል ሳልናገር ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ወንድሜ ግቢው ጥግ ካለችው የሬድዮ መጠገኛ ዳሱ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ደህና ዋይ አለኝ፣ ደህና ዋል አልኩት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ንግግራችን ከዚህ ብዙም አያልፍም። አልተጣላንም፤ ቤቱን ሳንካፈል ስለኖርን ቃሉን እንቆጥባለን።

እንደ ዕድል ሆኖ የዚያን ቀን ለስምንተኛ «ለ» የማስተምረው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ነጥብና ተዳፋት ሲሰጥ ቀጥታ መስመርን ማስመር። መጽሐፉ ተዳፋት ይለዋል፣ ልጆቹ ስሎፕ ይሉታል፣ ሁለቱንም አይወዱትም። ስልሳ አራት ተማሪ፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ወንበር። ከተሰጣችሁ ነጥብ ተነሱ አልኳቸው፤ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ሂዱ፣ ተዳፋቱ ሁለት ከሆነ ሁለት ካሬ ወደ ላይ ውጡ፣ ነጥብ አድርጉ፣ ከዚያ ማስመሪያ ነው። አንዲት ዓይን አፋር ልጅ ሰሌዳ ላይ አወጣሁ። መነሻው ሦስት ላይ ነበር፤ እሷ ከዜሮ ተነሳችና አንድ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ላይ እያለች ቆንጆ መስመር አሰመረች። ትክክለኛውን ከጎኑ አሰመርኩላት። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሽቅብ ወጡ። ተዳፋቱን ስላልሳተችው ግማሽ ማርክ ሰጠኋት። ከኋላ ወንበር አንዱ አፈኛ እጁን ሳያወጣ፣ «ቲቸር፣ አንድም ቦታ ላይ ካልተገናኙ ግማሹ የምኑ ነው?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የአካሄዷ ነው ብዬ ደወሉ እስኪደወል ሌላ ጥያቄ ጻፍኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ስመለስ ግንበኛውን አገኘሁት። አሁን የሚሠራው እዚያው ጎናችን ባለው ጉድጓድ ነው፤ በቆርቆሮው አጥር ሥር፣ የፕላስቲክ ጥላ ያላት አንዲት ሻይ ቤት አለች፤ እሷ ጋ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በሻይ ያወርዳል። በመልክ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። ስለ ግድግዳው ጠየቀኝ። እኔም አመሉ የማይለቀኝ መምህርት ነኝና ነጥብ በነጥብ ነገርኩት፤ ዘጠኝ ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሁለት ሚሊ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ከስምንት፣ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ዳቦውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«የትኛው ሚስማር ላይ ነው የምትለኪው?» አለኝ።

ያንተ ሚስማር ላይ ነዋ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የእሱ ሚስማሮች ያኔውኑ ተነቅለዋል። መጀመሪያ የመታቸው እኔ ለእርማት በሄድኩበት ሳምንት ነው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ በበራችን ሲያልፍ ለሳኞቹ በርሜላቸውን አቁመው ልስን ሲያቦኩ አየና ገብቶ ለካው። አሥራ አንድ ሳንቲም ከሁለት ሚሊ ነበር። አትለስነው፣ ልስን ግድግዳ አያቆምም ብሎ ለወንድሜ ነገረው። ወንድሜ ደግሞ አቧራው እየገባ ተቸገርን አለው። ለሳኞቹ ሚስማሮቹን ነቀሉ፤ በአዲሱ ልስን ላይ ማን እንደገና እንደመታቸው ግንበኛው አያውቅም።

እኔ አወቅሁ። ወንድሜ የሬድዮ ዕቃ በሚለካበት በዚያ ረጅም መለኪያው፣ አንድ ፀጉር ሳያስት፣ ልክ ግንበኛው እንዳለው አሥር ሳንቲም አድርጎ መታቸው። ጠንቃቃ ሰው ነው። ከቦርሳዬ የተማሪ ደብተር አወጣሁና ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ። ከለካሁት ሁሉ ላይ አሥራ ሁለት ሚሊ ጎድሏል። አሥራ ሁለት ለሁለት፣ ስድስት። አካሄዱን አልሳትኩትም፤ የሳትኩት መነሻውን ነው። እውነተኛው መስመር ከእኔ መስመር በላይ፣ ጎን ለጎን ሲሄድ ነው የከረመው፤ ቀርቶናል ያልኳቸው ስድስት ሳምንታት እኔ የተማሪ ፈተና ሳርም ያለፉት ስድስት ሳምንታት ናቸው። አሥራ አንድ ከስምንት ላይ አሥራ ሁለት ሚሊ ጨመርኩ። አሥራ ሦስት። የዛሬው ማክሰኞ ነው። ግንበኛው የጻፍኩትን አላነበበም፤ ፊቴን አየና፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ እንዴ አለኝ። ደብተሩን አጥፌ ተነሳሁ። ከአጥሩ በስተጀርባ ከምሳ የተመለሰው ማሽን ተነስቶ ነበር፤ መሬቱ በጫማዬ ሶል በኩል ይሰማኛል።

በራችን ላይ አንድ የዕቃ ጋሪ ባዶውን ሲመለስ አለፍኩት። ሴትዮዋ ገብታለች። ልብስ ሰፊ ነች፤ ሁለት የእግር መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥቅል ጥቅል ሰማያዊ ጨርቅ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ። አንደኛውን መኪና ለብርሃኑ ብላ ከመስኮቱ ሥር አድርጋዋለች። ከመኪናው አጠገብ፣ ልክ አግዳሚው ከግድግዳው በሚገናኝበት ቦታ፣ አሮጊት እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው የልብስ ቁልፍ በጣሳ ውስጥ ይለያሉ። ትልልቁን ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ። አንገታቸውን ቀና አድርገው እንደምን ዋልሽ ልጄ አሉኝ። እኔ የማየው ከራሳቸው በላይ ያለውን ነው። የአግዳሚው ጫፍ ከግድግዳው ላይ የጣት ውፍረት ያህል እንኳ የያዘ አይመስልም፤ ይህን በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ወረቀቱን ነበር የማየው።

ወደ ዳሱ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ወንድሜ የብየዳ ብረቱን ይዞ የአንድ ሬድዮ ሆድ ዕቃ ዘርግፏል። የግንበኛውን ነገርኩት፤ በቀስታ ነገርኩት፣ ለስምንተኛ «ለ» እንደማስረዳው። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ ስንጥቁ በልስን ተደፍኖ የለም እንዴ፣ ከተደፈነ በኋላ እንደ አዲስ ከዜሮ ነው የሚጀምረው አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ጠንቃቃ ሰው ብቻ ነው፤ ግድ የለሽ ቢሆን ኖሮ ሚስማሮቹን ዝም ብሎ በመታቸውና እኔም ልክ አሥር ሳንቲም አለመሆኑን አይቼ ተደናግጬ በጠየቅሁ። ግንበኛው አሥራ አንድ ከሁለት ብሎህ አልነበረም ወይ አልኩት። ብረቱን መያዣው ላይ አስቀመጠው። ከውስጥ የስፌት መኪናው ሲንደቀደቅ ይሰማናል።

«ስድስት ሳምንት ያልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ በመጨረሻ። «በጽሑፍ ሰቅለሽ።»

የቅድሚያውን ገንዘብ ለድጋፉ ሲሚንቶና ብረት ዛሬ ጠዋት ከፍሏል። መመለስ የሚችለው የለም። ነገ ግንበኛውን ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቀን ነው፣ በአንድ ቀን የሚወድቅ ግድግዳ ዘጠኝ ሳምንት አይቆምም አለ። ሴትዮዋን እንዳላስበረግጋትም ለመነኝ። ወንድሜ ሲለምን አላውቅም። እዚያው ቆሜ ለአፍታ ያህል ልክ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። አሥራ ሦስት ሰው የተናገረው ቁጥር ነው፤ ግንበኛው ለጥንቃቄ አሳንሶት ይሆናል፤ ነገ እሩቅ አይደለም። ይህን ያሰብኩት እኔው ነኝና አልክደውም። ከዚያ ግን መኪናው ቆመና አሮጊቷ ሲስቁ ሰማሁ። እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ።

ልብስ ሰፊዋ ሥራ ሳታቆም ነው የሰማችኝ። ነጥቡን፣ ሚስማሩን፣ አሥራ ሁለት ሚሊውን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ወረቀቱን ከግድግዳው ቦጭቄ እላዩ ላይ አዲሱን መስመር በእርሳስ አሳየኋት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ጠዋት ስድስት ሳምንት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ዜሮ ሆነ?»

በወጉ አስረዳችኝ፤ እንዲያውም አዘነችልኝ። የለቀቀችው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። የተቀበለችው የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነው፣ በአምስት ሳምንት ያልቃል፤ ስድስት ሳምንቱን ስታይ ለእኔ የተለካ ነው ብላ ነው የገባችው። ወንድምና እህት በውርስ ቤት ሲጣሉ አይታ ታውቃለች፤ የእናንተን ሆድና ጀርባ መሆን በእኔ አታወራርዱት አለችኝ። ክፍሉን ለራስሽ ከፈለግሽው ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሪ አለችኝ። ወረቀት አምና የገባችውን ሴት በሌላ ወረቀት ላስወጣ ነው የሞከርኩት። ከጣሪያው ላይ ቀጭን አቧራ ወርዶ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ አረፈ፤ በመዳፏ ጠረገችው። የማሽኑ ነው አለች።

ሌላ ዘዴ ስላልመጣልኝ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር ስቤ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸውን ብቻቸውን ትቼ መውጣት አልሆነልኝም። ፈራሁ። አሮጊቷ የቁልፍ ጣሳውን ወደ እኔ አስጠጉልኝ፣ ከእሳቸው ጋር መለየት ጀመርኩ። ያኔ ነው ወንድሜ የመጣው። ከዳሱ ሲያየን ቆይቶ መሆን አለበት። በሩ ላይ ቆመ፣ አንድ እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ፣ ነይማ እፈልግሻለሁ አለኝ። እየሠራሁ ነው አልኩት።

ልብስ ሰፊዋ አገኘሁት ብላ ጠየቀችው። እህትዎ እንዲህ ትላለች፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የጠዋቱ እንደጸና ነው፣ ሐሳብ አይግባሽ አላት። ፊቷ በራ፤ ወደ እኔ ዞራ እንኳ አላየችኝም። አሮጊቷ ግን ድምፁን ሰምተው አንገታቸውን አዞሩ።

«ባለቤቱ ናቸው?» አሉ። «ምነው ታዲያ በር ላይ? ይግቡ እንጂ ጌታዬ። ቁጭ ብለው ቤቱን ይመርቁልን።»

ወንድሜ ፈገግ አለ። እጄ ቅባት ነው እማማ አላቸው። ቅባት ምን ያደርጋል አሉት። ጫማው አቧራ መሆኑን ተናገረ። ወለሉ ገና አልተጠረገም አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ይህን ስትል ግን እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አንስታ ነበር። ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት አለ ወንድሜ። አሮጊቷ እንግዳ መለመን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ አንድ አፍታ፣ አንዲት ምርቃት፣ ባለቤቱ ሳይረግጠው ቤት ቤት አይሆንልንም አሉት፣ የእኔን ወንበር እንድለቅለትም በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ተነስቼ ወንበሩን አመቻቸሁለት።

«ግባ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። አንቱታው ቀርቷል።

ወንድሜ አንድ እግሩን አነሳ። ደፉ ላይ ሳያሳርፈው ዓይኑ ብቻ ወደ ላይ ሄዶ ተመለሰ፤ ወደ ወረቀቱ አይደለም፣ ወደ አግዳሚው ጫፍ ነው። ከዚያ እግሩን ወደ ነበረበት መለሰው። ልብስ ሰፊዋ ክር የገባበትን ጨርቅ እንኳ ከመኪናው ሳትነቅል ተነሳች፣ እናቷን በብብታቸው ገብታ አቀፈቻቸው። ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። አሮጊቷ ምንድነው፣ ምን ሆንን እያሉ ወጡ፤ ወንድሜም ገለል ብሎ አሳለፋቸው።

እኔ ብቻ ቀረሁ። አቧራው አሁን በቀጭን ሳይሆን በጭብጥ ጭብጥ ይወርዳል። ወንድሜ ስሜን ጠራና፣ ውጪ፣ ኧረ ውጪ አለኝ፤ ድምፁ ልጆች ሳለን የነበረው ድምፅ ሆነ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው አልኩት። ከደፉ ውጭ እንደቆመ፣ እጁን ብቻ ወደ ውስጥ ዘረጋልኝ።